ፕሮቲን ከፕሮቲን ጋር ሲያያዝ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት የትኞቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሆት ስፖት በየጊዜው የሚነሱ ጥያቄዎችን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ለጀማሪ ተማሪም፣ ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ሚውቴሽን፣ ማለትም የአሚኖ አሲድ ለውጥ፣ ለመሥራት ላሰበም፣ ስትራክቸር (የፕሮቲን ቅርጽ ሥዕል) ከፍቶ ከየት እንደሚጀምር ለጠፋበትም ይሆናሉ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም፤ ሁለት ፕሮቲኖች ሲገናኙ የሚነካካው ሁሉ አይዝም። መነካካት ሌላ፣ መያዝ ሌላ። ከታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች ከዚህ ይነሳሉ።

ሆት ስፖት የሚባለው በትክክል ምንድን ነው?

ሁለት ፕሮቲኖች ሲያያዙ ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ቦታ መገናኛ ገጽ ይባላል። በብዙ ጥንዶች ላይ ይህ ገጽ የሁለቱም ወገን ሲደመር ከ1200 እስከ 2000 ካሬ አንግስትሮም (አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ይሆናል። በዚያ ስፋት ላይ ከየወገኑ ሃያም ሠላሳም አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ይነካካሉ። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ሥራው ለሁሉም እኩል የተከፋፈለ ይመስለዋል። አይደለም። ጥቂቶቹ፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስቱ ብቻ፣ አብዛኛውን የመያያዝ ኢነርጂ ይሸከማሉ። ሆት ስፖት የሚባሉት እነሱ ናቸው። የተለመደው መስፈርት ቀላል ነው፤ አሚኖ አሲዱ አላኒን ወደሚባለው ትንሽ አሚኖ አሲድ ሲቀየር መያያዙ በ2 ኪሎካሎሪ በሞል ወይም ከዚያ በላይ ከደከመ፣ ሆት ስፖት ነው።

ነገሩን ያስታወቀው የሰው የዕድገት ሆርሞንና የሪሴፕተሩ (ሆርሞኑን የሚቀበለው ፕሮቲን) ጥናት ነው። ቲም ክላክሰንና ጄምስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ሥራ፣ በሪሴፕተሩ በኩል ሆርሞኑን ከሚነኩት 30 ገደማ የጎን ሰንሰለቶች (አንዱን አሚኖ አሲድ ከሌላው የሚለዩት ክፍሎች) መካከል ሁለት ትሪፕቶፋኖች፣ ማለትም በፕሮቲኑ ላይ በተራ ሲቆጠሩ 104ኛውና 169ኛው፣ ከመያያዝ ኢነርጂው ከሦስት አራተኛ በላይ እንደሚሸከሙ አሳዩ። ሁለት ብቻ! በሆርሞኑ በኩልም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ከ31 የጎን ሰንሰለቶች 8ቱ 85 በመቶ ገደማውን ይይዛሉ። ደስ የሚለው ደግሞ የአንዱ ወገን ሆት ስፖቶች ከሌላው ወገን ሆት ስፖቶች ጋር ፊት ለፊት መግጠማቸው ነው።

2 ኪሎካሎሪ ይህን ያህል ብዙ ነው እንዴ?

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ውጤቱ ግን ትንሽ አይደለም። በኢነርጂና በመያያዝ ጥንካሬ መካከል ያለው ግንኙነት በሎጋሪዝም ስለሆነ፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በየ1.4 ኪሎካሎሪው ጥንካሬው አሥር እጥፍ ይለወጣል። ስለዚህ 2 ኪሎካሎሪ ማጣት ማለት መያያዙ ወደ 30 እጥፍ ደከመ ማለት ነው። ኬዲው (የመያያዝ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ሲያንስ መያያዙ ጠንካራ ነው) 1 ናኖሞላር የነበረ ጥንድ ወደ 30 ናኖሞላር ይሄዳል። ሴሉ ውስጥ ያለው የፕሮቲን መጠን ጥቂት ናኖሞላር ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ተያይዞ የነበረው አብዛኛው ተለያይቶ ይቀራል። በአንድ አሚኖ አሲድ ምክንያት!

ለምን አላኒን ተመረጠ?

የአላኒን የጎን ሰንሰለት አንድ ካርበን ብቻ ነው። አንድን አሚኖ አሲድ ወደ አላኒን ስንቀይር ከዚያ ካርበን ወዲያ ያለውን ሁሉ ቆርጠን ጣልነው ማለት ነው። ቻርጅ አልጨመርንም፣ ግዙፍ ነገር አልሰነቀርንም። ግላይሲን ከዚህም ያነሰ ነው፣ ነገር ግን የፕሮቲኑን አከርካሪ (አሚኖ አሲዶቹ የተቀጣጠሉበትን ዋና ሰንሰለት) በጣም ያላላዋል፤ ያን ጊዜ ያየነው ለውጥ ከጎን ሰንሰለቱ መጥፋት ይምጣ ከመላላቱ ለመለየት ይቸግራል። ዘዴው አላኒን ስካኒንግ ይባላል። ከኒንግሃምና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1989 በዚሁ በዕድገት ሆርሞን ላይ ነው ያሳዩት፤ መገናኛው ላይ ያሉትን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ ወደ አላኒን እየቀየሩ፣ ለእያንዳንዱ የመያያዙን ጥንካሬ መለካት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አንድ ሚውቴሽን መያያዙን ስላጠፋ ብቻ ያ አሚኖ አሲድ ሆት ስፖት ነው ማለት አይቻልም። ምናልባት ያፈረሳችሁት መያያዙን ሳይሆን የፕሮቲኑን ቅርጽ ይሆናል። የተበላሸ ፕሮቲን ከማንም ጋር አይያያዝም። ሚውታንቱ (የተቀየረው ፕሮቲን) በትክክል መታጠፉን በሰርኩላር ዳይክሮይዝም (የፕሮቲንን ቅርጽ በብርሃን የሚፈትሽ ዘዴ) ወይም በሙቀት መቋቋም ሙከራ ሳታረጋግጡ ቁጥሩን አትመኑት። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ይህች አንዲት ፍተሻ ስትዘለል ወራት የፈጀ ሥራ ገደል ይገባል።

ሌላው ገደብ፣ አላኒን ስካኒንግ የጎን ሰንሰለትን እንጂ አከርካሪው የሚፈጥራቸውን የሃይድሮጅን ቦንዶች አያሳይም። መጀመሪያውኑ አላኒን ወይም ግላይሲን በሆነ ቦታም ብዙ አይነግራችሁም።

የትኞቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው ብዙ ጊዜ ሆት ስፖት የሚሆኑት?

ሦስት ስሞች ያዙ፤ ትሪፕቶፋን፣ አርጂኒን፣ ታይሮሲን። ቦጋንና ቶርን እ.ኤ.አ. በ1998 የ2325 የአላኒን ሚውቴሽኖችን ውጤት ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ከተለኩት ትሪፕቶፋኖች 21 በመቶው ሆት ስፖት ሆነው ተገኙ። አርጂኒን 13.3፣ ታይሮሲን 12.3 በመቶ ነበር። ሉሲን፣ ሴሪን፣ ትሪዮኒንና ቫሊን ግን እምብዛም አልታዩም።

ምክንያቱን ማወቅ ከቁጥሩ ይበልጣል። ትሪፕቶፋን ትልቅ ነው፤ ሰፊ ውሃ የሚሸሽ ገጽ አለው፣ የአሮማቲክ ቀለበቱ ከሌሎች ቀለበቶችና ከፖዘቲቭ ቻርጅ ጋር ይግባባል፣ በዚያ ላይ በናይትሮጅኑ በኩል የሃይድሮጅን ቦንድ ይሰጣል። ወደ አላኒን ሲቀየር ትልቅ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። አርጂኒን ደግሞ ጫፉ ላይ እስከ አምስት የሃይድሮጅን ቦንድ መሥራት ይችላል፣ ከኔጋቲቭ አሚኖ አሲድ ጋር የጨው ድልድይ (የተቃራኒ ቻርጆች ትስስር) ይዘረጋል፣ ጫፉ ዝርግ ስለሆነም በአሮማቲክ ቀለበት ላይ ይነጠፋል። ታይሮሲን ውሃ የሚሸሽ ቀለበትና ውሃ የሚወድ ሃይድሮክሲል አንድ ላይ ይዟል። አንቲቦዲዎች መያዣቸው ላይ ታይሮሲን የሚያበዙት ያለ ነገር አይደለም። እንዲያውም መያዣቸው ላይ ተመራማሪዎች የሚቀያይሩት ቦታ ሁሉ በታይሮሲንና በሴሪን ብቻ ተሞልቶ፣ ኢላማቸውን አጥብቀውና ለይተው የሚይዙ ሰው ሠራሽ አንቲቦዲዎች ተገኝተዋል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ግን ተጠንቀቁ። እነዚህ መቶኛዎች የሚነግሩን የት ቀድመን እንደምንፈልግ ነው። ከአምስት ትሪፕቶፋኖች አራቱ መስፈርቱን አላለፉም እኮ! መገናኛ ገጹ ላይ ትሪፕቶፋን ስላያችሁ ብቻ «አገኘሁት» አትበሉ።

ሆት ስፖቶች ለምን መሃል ላይ ይሰበሰባሉ?

ዋናው ጉዳይ ውሃ ነው። በሁለት ፕሮቲኖች መካከል የተሠራ የሃይድሮጅን ቦንድ ወይም የጨው ድልድይ በውሃ ከተከበበ ዋጋው ይወርዳል፣ ምክንያቱም የውሃ ሞለኪውሎች ራሳቸው ቦታውን ይሻማሉ። ውሃ ካልደረሰበት ግን ያው ቦንድ በጣም ይጠነክራል። ቦጋንና ቶርን ይህን ከቧንቧ መጋጠሚያ የጎማ ቀለበት ጋር አመሳሰሉት። መሃል ላይ ሆት ስፖቶቹ አሉ፣ ዙሪያቸውን ደግሞ በራሳቸው ብዙ ኢነርጂ የማይሰጡ አሚኖ አሲዶች ይከቧቸዋል። የነዚህ ሥራ ውሃ እንዳይገባ መዝጋት ነው።

«ታዲያ ሌሎቹ ሥራ የላቸውም ማለት ነው?» ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው። ሥራ አላቸው፣ ግን አንዱን ብትነኩት ሌላው ወይም አንድ የውሃ ሞለኪውል ክፍተቱን ስለሚሞላው ጉዳቱ ብዙም አይታይም። ብዙዎቹን በአንዴ ብታነሱ ግን መሃሉም ይጎዳል። በተጨማሪም ጠርዝ ላይ ያሉት ልየታ ላይ ያግዛሉ፤ ፕሮቲኑ ከትክክለኛው አጋሩ ጋር እንጂ ከአጋሩ ዘመድ ጋር እንዳይያያዝ ያደርጋሉ።

ቻርጅ ነው ወይስ ውሃ መሸሽ የሚያያይዘው?

እንደ ጥንዱ ነው። የዕድገት ሆርሞን ሪሴፕተር መሃሉ ላይ ውሃ የሚሸሽ ነው። ባርኔዝና ባርስታር ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ባርኔዝ አንድ ባክቴሪያ የሚሠራው አርኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም ነው፤ ባርስታር ደግሞ ያው ባክቴሪያ ራሱን እንዳይጎዳ ኢንዛይሙን የሚያስርበት ፕሮቲን። ሁለቱ የሚያያዙት ኬዲ 10 ሲነሳ ወደ ኔጋቲቭ 14 ሞላር አካባቢ ነው፤ ከሚታወቁት ጠንካራ ጥንዶች አንዱ ነው። የባርኔዝ መያዣ በአርጂኒንና በላይሲን ፖዘቲቭ ሆኗል፣ የባርስታር ደግሞ በአስፓርቴትና በግሉታሜት ኔጋቲቭ። 39ኛው የባርስታር አስፓርቴት ብቻ ወደ አላኒን ሲቀየር ከ7 ኪሎካሎሪ በላይ ይጠፋል። ይህ ቻርጅ ገና ከሩቅ ስለሚሳሳብ ሁለቱ የሚገናኙበትን ፍጥነትም ያሳድጋል፤ ሴል ውስጥ ራስን ከራስ ኢንዛይም ለማዳን ፍጥነት ወሳኝ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ትሪፕሲንን፣ ማለትም ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም፣ የሚያግደው ቢፒቲአይ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን 15ኛ ቦታ ላይ አንድ ላይሲን አለው። ያ ላይሲን በትሪፕሲን ኪስ ውስጥ ገብቶ ከታች ካለው 189ኛው አስፓርቴት ጋር ይገናኛል። ወደ አላኒን ሲቀየር የሚጠፋው ወደ 10 ኪሎካሎሪ ነው፤ በእጥፍ ሲሰላ ከአሥር ሚሊዮን በላይ።

ሁለት ሆት ስፖቶችን አብሬ ብቀይር ውጤታቸውን መደመር እችላለሁ?

ሁልጊዜ አይቻልም። ሁለቱ ተራርቀው ከሆነ ብዙ ጊዜ ይደመራል። ጎን ለጎን ሆነው የሚደጋገፉ ከሆነ ግን አይደመርም፤ አንዱ ሲሄድ የሌላው ጥቅም አብሮ ይቀንሳልና። ይህን ለመለካት ደብል ሚውታንት ሳይክል የሚባል ዘዴ አለ። አንዱን ብቻ፣ ሌላውን ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይራችሁ ትለካላችሁ። የሁለቱ ድምር ከጥምሩ ከተለየ፣ ልዩነቱ እርስ በርስ የሚደጋገፉበት መጠን ነው።

በገሃድ የታየ ምሳሌ ኮሮና ቫይረስ ላይ አለ። ቫይረሱ በስፓይክ ፕሮቲኑ በሴሉ ገጽ ላይ ያለውን ኤሲኢ2 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። የስፓይኩ 501ኛው አስፓራጂን ወደ ታይሮሲን ሲቀየር፣ አልፋ በተባለው ዝርያ እንደታየው፣ መያያዙ ይጠነክራል። ኦሚክሮን ላይ የመጣው በ498ኛ ቦታ ግሉታሚን ወደ አርጂኒን የመቀየሩ ነገር ብቻውን ሲሆን አይጠቅመውም፣ ከ501ኛው ታይሮሲን ጋር ሲሆን ግን በጣም ይጠቅመዋል። ታይሮሲንና አርጂኒን እዚህም ብቅ ማለታቸውን ልብ በሉ።

አንድ አሚኖ አሲድ ከዚህ በፊት ያልነበረ መያያዝ መፍጠር ይችላል?

ይችላል፣ ያውም አሳዛኝ በሆነ መንገድ። ሲክል ሴል በሽታ የሚመጣው የሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ ያለው ግሉታሜት በቫሊን ሲተካ ነው። ውሃ ይወድ የነበረ ቦታ ውሃ የሚሸሽ ይሆናል። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን ሲለቅ፣ ይህ ቫሊን በሌላ ሄሞግሎቢን ላይ 85ኛው ፌኒልአላኒንና 88ኛው ሉሲን በሚሠሩት ኪስ ውስጥ ይገባል። አንዱ ከሌላው እየተያያዘ ረጅም ክር ይሆናል፣ ቀይ የደም ሴሉም ማጭድ መሰል ቅርጽ ይይዛል። ቫሊን ከላይ ባየነው ቆጠራ ሆት ስፖት ሆኖ እምብዛም የማይታይ አሚኖ አሲድ ነበር፤ ትክክለኛው ኪስ ሲገጥመው ግን የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ሕይወት የሚያከብድ በሽታ ሆነ። ለዚህ ነው አሚኖ አሲዱን ብቻውን ሳይሆን ከሚገጥመው ኪስ ጋር ማየት ያለብን።

ይህ ሁሉ ለመድኃኒት ሥራ ምን ይጠቅማል?

በጣም። ለረጅም ጊዜ የፕሮቲን ከፕሮቲን መገናኛ በመድኃኒት አይነካም ይባል ነበር። ገጹ ሰፊና ዝርግ ስለሆነ ትንሽ ሞለኪውል የት ትጠለጠላለች ነበር ክርክሩ። ሥራው በጥቂት አሚኖ አሲዶች ላይ ከተከማቸ ግን ሙሉውን ገጽ መሸፈን አያስፈልግም፣ እነሱን መተካት ይበቃል።

ፒ53 የተባለው ካንሰር ተከላካይ ፕሮቲን በኤምዲኤም2 ሲያዝ ሥራው ይታገዳል። ይህ መያያዝ በሦስት የፒ53 አሚኖ አሲዶች ላይ የተመሠረተ ነው፤ 19ኛው ፌኒልአላኒን፣ 23ኛው ትሪፕቶፋንና 26ኛው ሉሲን። ሦስቱም በኤምዲኤም2 ጥልቅ ኪስ ውስጥ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆኑት ነትሊን የተባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች የሦስቱን ቦታ ራሳቸው ይዘው ፒ53ን ነጻ ያወጣሉ። ቬኔቶክላክስም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። የካንሰር ሴል እንዳይሞት የሚያደርገው ቢሲኤል2 አጋሮቹን የሚይዝበትን ጎድጓዳ ቦታ ይዘጋል። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ አግኝቷል።

መድኃኒቱ ራሱ ፕሮቲን ሲሆንም ይሠራል። ኢንሱሊን እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ተያይዞ ሲወጋ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። በኢንሱሊን ሊስፕሮ ላይ የቢ ሰንሰለቱ 28ኛ ፕሮሊንና 29ኛ ላይሲን ቦታ ተቀያየሩ። የእርስ በርሱ መያያዝ ደከመ፣ ከሪሴፕተሩ ጋር ያለው ግን ሳይጎዳ ቀረ፣ መድኃኒቱም ፈጣን ሆነ። ፔግቪሶማንት ደግሞ የተሻሻለ የዕድገት ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ሥራውን የሚሠራው ሁለት ሪሴፕተሮችን በሁለት ጎኑ ይዞ ነው። እዚህ 120ኛው ግላይሲን ወደ ላይሲን ተቀይሮ ሁለተኛው ጎን ተዘጋ። አንዱን ይይዛል፣ ሁለተኛውን አይዝም፣ ምልክቱም አይተላለፍም። አክሮሜጋሊ (የዕድገት ሆርሞን ሲበዛ የሚመጣ በሽታ) ላለባቸው ሰዎች ይሰጣል።

ላብ ሳልገባ በኮምፒውተር ብቻ ማወቅ አልችልም?

መገመት ይቻላል። ፎልድኤክስና ሮዜታ የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ስትራክቸር ተቀብለው እያንዳንዱ ቦታ ወደ አላኒን ቢቀየር ምን ያህል ኢነርጂ እንደሚጠፋ ያሰላሉ። ላብ ውስጥ ሃምሳ ሚውታንት ከመሥራት ወደ አሥር ለማጥበብ ጥሩ ናቸው። የመጨረሻ ዳኛ ግን አይደሉም። በተለይ ውሃ መሃል ሲገባ፣ ወይም ፕሮቲኑ ሲያያዝ ቅርጹን ሲቀይር ይስታሉ።

የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው ፕሮግራም፣ አልፋፎልድስ? ሁለት ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚገጥሙ ለመተንበይ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ሠሪዎቹም እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋርተዋል። ነገር ግን አንድ አሚኖ አሲድ ቀይራችሁ ስትሰጡት ብዙ ጊዜ ያንኑ ቅርጽ ነው የሚመልስላችሁ። መያያዙ መቶ እጥፍ ደክሞም ቢሆን ሥዕሉ ያምራል። ሥዕል የመነካካት ማስረጃ ነው፣ የጥንካሬ መለኪያ አይደለም።

ሆት ስፖት የሚተነብይ የኮምፒውተር ሞዴል ለምታሠለጥኑ አንድ ምክር አለኝ። ስኬምፒ 2 የሚባለው የመረጃ ስብስብ የ7085 ሚውቴሽኖችን ልኬት ይዟል፣ ብዙዎቹ ግን ከጥቂት የታወቁ ጥንዶች የመጡ ናቸው። መረጃውን ለሥልጠናና ለፈተና ስትከፍሉ በጥንድ ክፈሉት፣ በሚውቴሽን አይደለም። ያለዚያ ሞዴላችሁ ያየውን ጥንድ መልሶ ይፈተንና ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይሆናል። ሌላው፣ አብዛኛው ሚውቴሽን ሆት ስፖት ስላልሆነ «ሁሉም አይደለም» የሚል ሞዴል እንኳ ከፍተኛ ትክክለኛነት ያስመዘግባል። ከእውነተኞቹ ሆት ስፖቶች ስንቱን እንዳገኘ ለብቻ እዩት።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ስትራክቸር በማየት። የፕሮቲን ስትራክቸሮች የሚቀመጡበት ፕሮቲን ዳታ ባንክ ነጻ ነው። የፒ53ና የኤምዲኤም2ን ጥንድ በ1ዋይሲአር (1YCR)፣ የባርኔዝና የባርስታርን በ1ቢአርኤስ (1BRS)፣ የዕድገት ሆርሞንንና የሪሴፕተሩን በ3ኤችኤችአር (3HHR) መለያ ታገኙታላችሁ። ስትራክቸር በሚያሳዩት ፕሮግራሞች፣ በካይሜራኤክስ ወይም በፓይሞል፣ ከፍታችሁ ከላይ የጠቀስኳቸውን ቁጥሮች ፈልጓቸው፤ በጣም ያስተምራል።

ከዚያ ወደ ራሳችሁ ጥንድ ሂዱ። ሲያያዙ ከውሃ የሚደበቁትን አሚኖ አሲዶች ለዩ፣ መሃል ያሉትን አስቀድሙ፣ በዘመድ ፕሮቲኖች ላይ ሳይለወጡ የቆዩትን ምልክት አድርጉ፣ በፕሮግራም አጥብቡ፣ ከዚያ ወደ አላኒን ቀይሩ። ልኬቱን ኤስፒአር ወይም አይቲሲ በሚባሉት የመያያዝ መለኪያ ዘዴዎች ሥሩ። ኤስፒአር የመያያዝና የመለያየት ፍጥነትን ለየብቻ ያሳያል፣ አይቲሲ ደግሞ የሚወጣውን ሙቀት በቀጥታ ይለካል። ሆት ስፖት አይሆንም ብላችሁ የገመታችሁትንም አንድ ሁለት ቦታ ጨምሩ፤ እነሱም መያያዙን እኩል ካደከሙት ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ፕሮግራሙ ሆት ስፖት ነው ያለው ቦታ ላብ ውስጥ ምንም ለውጥ ካላሳየስ?

መጀመሪያ የፕሮቲናችሁን መጠን እንደገና ለኩ፤ የተሳሳተ የመጠን ልኬት ኬዲን በቀላሉ ያዛባል። እሱ ትክክል ከሆነ ጥንዱ ለመሣሪያው ከመጠን በላይ ጠንካራ መሆኑን ፈትሹ። ኬዲው መሣሪያው ከሚለየው ወሰን በታች ከሆነ፣ 30 እጥፍ ደክሞም ልዩነቱ ላይታያችሁ ይችላል። ይህ ሁሉ ተፈትሾ ለውጥ ከሌለ ግን ልኬታችሁን እመኑ። ውጤቱንም አትደብቁት፤ ለውጥ ያላሳዩ ሚውቴሽኖች ስለማይታተሙ ነው ፕሮግራሞቹ የሚማሩበት መረጃ የጎደለው።